ኢታኖሉ ይቀላቀል፤ የከተማዋን አየር ያጸዳል መባሉ ግን ይቁም

ቤንዚንን ከኢታኖል ጋር የመቀላቀል ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ሁለት ምክንያቶች ጎን ለጎን ይቀርባሉ። አንደኛው የውጭ ምንዛሪ ይቆጥባል የሚለው ነው። ሁለተኛው የተሽከርካሪ ጭስን ያጸዳል የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ማንም ሰው ሒሳብ ሠርቶ ሊያረጋግጠው ይችላል፤ አገር ውስጥ ተመርቶ ወደ ቦቴ የሚገባ እያንዳንዱ ሊትር ኢታኖል ከጂቡቲ የሚጫነውን ቤንዚን ይቀንሳል። ሁለተኛው ግን በመግለጫና በስትራቴጂ ሰነድ ሲደጋገም ኖሮ ማስረጃ የማይጠየቅበት ነገር ሆኗል። በየትኛው ሞተር? በየትኛው ከፍታ? የትኛውን ጋዝ ቀንሶ የትኛውን ይጨምራል? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ "ንጹሕ ነዳጅ" የሚለው ስም ጸድቆ ተቀምጧል።

አቋማችንን ከመነሻው እንናገር። ኢታኖል መቀላቀሉ ተገቢ ነው፤ አቅም በፈቀደ መጠን ሊሠራበት ይገባል። የከተማ አየርን የማጽዳት እርምጃ ተደርጎ መቆጠሩ ግን ተገቢ አይደለም። በጭስ ረገድ የተረጋገጠው ትልቁ ጥቅሙ በአሮጌና ቤንዚን በሚበዛባቸው ሞተሮች ላይ የሚታይ ነው፤ ያም ቢሆን በዋናነት በካርቦን ሞኖኦክሳይድ ላይ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ወይ እምብዛም አይለወጥም፣ ወይ ጥናቶች አይስማሙበትም፣ ወይም ደግሞ ይጨምራል።

የአገራችን ሙከራ ታሪኩ ረጅም አይደለም። የባዮፊውል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ወጣ። በ2001 ዓ.ም. የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል ሱሉልታ በሚገኘው ዴፖ አምስት በመቶ እየተቀላቀለ ለአዲስ አበባ ማደያዎች መከፋፈል ጀመረ። በ2003 ዓ.ም. መጠኑ ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ፤ መተሐራም የኢታኖል ማምረቻ ባለቤት ሆነ። የፊንጫው በዓመት 8 ሚሊዮን ሊትር፣ የመተሐራው 12.5 ሚሊዮን ሊትር እንዲያመርቱ የተተከሉ ናቸው። ሁለቱም በሙሉ አቅማቸው ቢሠሩ በ10 በመቶ ሒሳብ 205 ሚሊዮን ሊትር ድብልቅ ይወጣቸዋል። ሙሉ አቅም ግን ለስኳር ፋብሪካዎቻችን ብርቅ ነው። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን ይገነባሉ የተባሉት 10 አዳዲስ ፋብሪካዎች በተባለላቸው ጊዜ አልደረሱም፤ ከእነሱ ይገኛል የተባለው፣ ኢታኖል የሚጠመቅበት ሞላሰስም አብሮ ቀረ። የቅልቅሉ ሥራም ኢታኖል ሲገኝ እየተሠራ፣ ሲጠፋ እየተቋረጠ ኖረ። በአንድ ወር ያለ፣ በሌላው የሌለ ነዳጅ የከተማ አየርን አጸዳ ብሎ መመስከር በራሱ ድፍረት ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ እንግባ። ኢታኖልን ከቤንዚን የሚለየው ኦክስጂን በውስጡ ይዞ መምጣቱ ነው። ከክብደቱ 35 በመቶ ገደማው ኦክስጂን ነው። በዚህ የተነሳ አንድ ኪሎ ቤንዚን በትክክል ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ አየር ሲፈልግ፣ ለአንድ ኪሎ ኢታኖል 9 ኪሎ ይበቃዋል። ካርቡሬተር ግን የገባለት ነዳጅ መለወጡን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ በለመደው መጠን ነዳጅና አየር ያስገባል። ስለዚህ ድብልቁ ሲቀዳለት ሞተሩ ከሚያስፈልገው ነዳጅ አንፃር ከወትሮው የተሻለ አየር ያገኛል። አየር አጥሮት በግማሽ ተቃጥሎ ካርቦን ሞኖኦክሳይድ ሆኖ ይወጣ የነበረው ካርቦን፣ ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ሳይቃጠል የሚያመልጠው ሃይድሮካርቦንም እንዲሁ ይቀንሳል።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ነገር ክብደት አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ስትሆን፣ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ለቆላና ለጠረፍ አገር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ አየሩ ይሳሳበታል፣ ቤንዚኑ ይበዛበታል። የላዳ ወይም የድሮ ኮሮላ ባለቤት ጋራዥ ገብቶ ካንዴላ ሲያስነቅል የሚያየው ይህንኑ ነው። የካንዴላው ጫፍ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ይወጣል። መካኒኩ በአውራ ጣቱ ጠርጎ ያሳየውና "ቤንዚን ይበዛበታል" ይለዋል፤ ከዚያ ካቻቢቴውን አንስቶ ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ሩብ ዙር ያህል ያጠብቃታል። የሞተሩ ድምፅ እስኪስተካከል ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል፣ ደግሞ ይሞክራል። 10 በመቶ ኢታኖል ያለ ካቻቢቴ የዚህን ሥራ ከፊል ይሠራል። በመርካቶ መጨናነቅ መሐል ሞተሩን እያስነሳ ለሚቆም ታክሲ ነጂ፣ ለትራፊክ ፖሊሱና አስፋልት ዳር ለሚውለው ጀብሎ፣ ቀለምና ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖኦክሳይድ መቀነስ ትንሽ ነገር አይደለም። ኢታኖል በዚህ ረገድ የሚገባውን ምስጋና እንስጠው።

ይህን መንገድ ቀድማ የሄደች ሌላ ደጋ ከተማ አለች። በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ዋና ከተማ ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በክረምት ካርቦን ሞኖኦክሳይድ ስላስቸገራት እ.ኤ.አ. በ1988 ኦክስጂን ያለው ቤንዚን በግዴታ እንዲሸጥባት ተደረገ፤ በአገሪቱም የመጀመሪያዋ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1990 የተሻሻለው የንጹሕ አየር ሕግ ደግሞ በዚሁ ጋዝ የሚቸገሩ ሌሎች ከተሞችም ይህንኑ እንዲያደርጉ አስገደደ። ከዓመታት በኋላ በመንግሥት ምሁራን የተደረገው ግምገማ ግን በከተሞቹ አየር ላይ የታየውን ቅነሳ ከዜሮ እስከ 10 በመቶ ገደማ ነው ያለው። ዋናውን ሥራ የሠራው ሌላ ነበር፦ አሮጌ መኪኖች ከመንገድ እየወጡ ጭስ የሚያጸዳ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ባላቸው አዳዲስ መኪኖች መተካታቸው። የነዳጁ ለውጥ መኪናው እስኪለወጥ ድረስ የሚያገለግል ማስታገሻ ነበር።

የአዲሱን መኪና ነገር ስናይ ምክንያቱ ግልጽ ይሆናል። ቪትዝም ሆነ ከእሱ ወዲህ የመጡት ቤንዚን የሚረጩት በኮምፒውተር ትዕዛዝ ነው። ጭስ ማውጫው ላይ የተተከለው የኦክስጂን ሴንሰር የተረፈውን ኦክስጂን እያየ መልሶ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። ኢታኖል ይዞት የመጣው ተጨማሪ ኦክስጂን ሲታይ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ጨምሮ ሚዛኑን ይመልሰዋል። በካርቡሬተር ላይ ያየነው ጥቅም በዚህ መኪና ላይ አብዛኛው ይጠፋል፤ የቀረውን ደግሞ ደህና የሆነ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ቀድሞውኑ ያጸዳው ነበር። እንግዲህ ኢታኖል የሚያጸዳው ያልተስተካከለን ሞተር ነው ማለት ነው። ያልተስተካከለን ሞተር ደግሞ በኢታኖል ከማባበል ማስተካከሉ ይሻላል፤ ርካሽም ነው።

ቀጥሎ የሚጨምረውን እንይ። ኢታኖል ሳይቃጠል ሲቀር ወይም በግማሽ ሲቃጠል አሴታልዲሃይድ የሚባል ጋዝ ይወልዳል። ዓይን የሚቆጠቁጥ፣ በካንሰር አምጪነት የሚጠረጠር፣ ፀሐይ ባገኘው ጊዜ ኦዞን በመፍጠር ሒደት ውስጥ የሚገባ ጋዝ ነው። በሌሎች ልቀቶች ላይ የማይስማሙ ጥናቶች በዚህኛው ይስማማሉ፦ የኢታኖሉ መጠን ሲጨምር አሴታልዲሃይድ ይጨምራል። የሞቀና ያልተበላሸ ካታሊቲክ ኮንቨርተር አብዛኛውን ያጠፋዋል። ኮንቨርተሩ ያረጀ፣ ውስጡ የተራገፈ ወይም ጭራሹን ያልነበረው መኪና ግን ሁሉንም ወደ መንገድ ይለቀዋል። እዚህ ላይ አንድ ግጭት አለ፤ ኢታኖል ካርቦን ሞኖኦክሳይድን በደንብ የሚቀንስላቸው አሮጌ መኪኖች፣ አሴታልዲሃይድን ሳይጣራ የሚለቁትም እነሱ ናቸው።

የናይትሮጂን ኦክሳይዶች ጉዳይ ደግሞ ቁርጥ ያለ መልስ የለውም። ሞተሩ የተሻለ አየር ሲያገኝ ቃጠሎው ሊግልና እነዚህ ጋዞች ሊጨምሩ ይችላሉ። በሌላ በኩል ኢታኖል ሲተን ብዙ ሙቀት ስለሚስብ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውን አየር ያቀዘቅዘዋል። የትኛው እንደሚያይል የሚወስነው የሞተሩ ዓይነት፣ ጭነቱና አስተካከሉ ነው። ስለዚህ አንዱ ጥናት ጨመረ ሲል ሌላው ቀነሰ ይላል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ ከጭስ ማውጫው የማይወጣው ልቀት ነው። ንጹሕ ኢታኖል ከቤንዚን ይልቅ በዝግታ የሚተን ቢሆንም፣ ከአምስት እስከ 10 በመቶ ሲቀላቀል የድብልቁን የትነት ግፊት ወደ 7 ኪሎ ፓስካል ገደማ ከፍ ያደርገዋል። አሜሪካ ይህን አውቃ፣ 10 በመቶ ድብልቅ ከበጋው የትነት ገደብ በላይ እንዲያልፍ በሕጓ ልዩ ፈቃድ ለመስጠት ተገድዳለች። እኛ ዘንድ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። የታንኩ ክዳን ጠፍቶ አፉ በጨርቅ የተወተፈ ታክሲ፣ ፀሐይ ላይ የተደረደረ ጀሪካን፣ ቤንዚን በጠፋ ሰሞን በሃይላንድ ፕላስቲክ ተሞልቶ መንገድ ዳር ለባጃጅ የሚሸጥ ነዳጅ፣ ሁሉም ሞተሩ ሳይነሳ አየር የሚበክሉ ናቸው። በዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ጊዜ በጭስ ማውጫ ውስጥ መለኪያ በማስገባት ይህን ትነት ማየት አይቻልም።

ብራዚል ከማንም የበለጠ ልምድ አላት። እ.ኤ.አ. በ1975 የጀመረችው ፕሮአልኮል የተሰኘው ፕሮግራም ዛሬ ላይ ደርሶ፣ ተራው ቤንዚኗ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2025 ጀምሮ 30 በመቶ ኢታኖል ይዟል። ሁለቱንም ነዳጅ የሚቀበሉ መኪኖች በሞሉባት በሳኦ ፓውሎ፣ የስኳር ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ነጂዎች ከኢታኖል ወደ ቤንዚን፣ ከቤንዚን ወደ ኢታኖል ይገለበጣሉ። ይህን አጋጣሚ ተጠቅሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ኔቸር ጂኦሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ነጂዎች ኢታኖልን ትተው ወደ ቤንዚን ባዘነበሉበት ጊዜ የከተማዋ ኦዞን በ20 በመቶ ገደማ መውረዱን አሳየ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከዚሁ የጥናት ቡድን የወጣ ሌላ ጽሑፍ ደግሞ፣ በዚያው ሽግግር ጊዜ እጅግ ደቃቅ የሆኑት ብናኞች በሲሶ ገደማ መጨመራቸውን አሳየ። አንዱ ለኢታኖል፣ ሌላው በኢታኖል ላይ የሚመሰክር ነው፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ብራዚላውያን ይህን ሊያውቁ የቻሉት ስለለኩ ነው። የግዛቲቱ የአካባቢ ተቋም ሴቴስብ ለዓመታት ያቋቋማቸው የአየር መለኪያ ጣቢያዎች ባይኖሩ፣ እነሱም እንደ እኛ በመግለጫ ይከራከሩ ነበር።

የነጂው ኪስ ነገርም ሊነገር ይገባል። አንድ ሊትር ኢታኖል የያዘው ጉልበት ከአንድ ሊትር ቤንዚን በሲሶ ያንሳል። በ10 በመቶ ድብልቅ ይህ ወደ ሦስት በመቶ ተኩል ገደማ ይወርዳል። 40 ሊትር የሚይዝ ታንኩን ሞልቶ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ከ400 ኪሎ ሜትሩ 13 ወይም 14 ያህሉን ያጣል። ይህ መኪና የሚያስጥል ኪሳራ አይደለም፤ ሊነገረው የሚገባ ልዩነት ግን ነው። ሕንድ ወደ 20 በመቶ ድብልቅ እጅግ ፈጥና ገብታ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ነጂዎቿ ስለ ኪሎ ሜትር ማነስና ስለ አሮጌ መኪኖቻቸው ቱቦና ጎማ በምሬት ሲናገሩ ከርመዋል። ከቅሬታው ውስጥ የተጋነነ ነበረበት። ምክንያቱ ግን አንድ ነው፦ ሰው ምን እንደሚቀዳለት በግልጽ ካልተነገረው፣ ሞተሩ በጎረበጠው ቁጥር ድብልቁን ይወቅሳል።

አንዳንዱ ወቀሳ ደግሞ ተገቢ ነው። ኢታኖል በአሮጌ ታንክ ሥር ለዓመታት የተጋገረውን ቆሻሻ እያላቀቀ ወደ ነዳጅ ማጣሪያው ይነዳል፤ የድሮ የጎማ ቱቦዎችንም ያለሰልሳል። ከሁሉ በላይ ውሃ ይስባል። 10 በመቶ ድብልቅ በውስጡ ሟሙቶ ሊሸከም የሚችለው ውሃ ግማሽ በመቶ ገደማ ነው። ከዚያ ካለፈ ኢታኖሉና ውሃው ተያይዘው ከቤንዚኑ ይለያሉ፤ ታንኩ ሥር ይዘቅጣሉ። በሐምሌ ዝናብ ክዳኑ በደንብ የማይገጥም የማደያ ጉድጓድ ካለ፣ ከሥሩ የተቀዳለት መኪና መንገድ ላይ መቆሙ አይቀርም። ቅልቅሉ ዴፖ ውስጥ በጥንቃቄ ቢሠራም፣ ማደያው ውሃውን ካልተቆጣጠረ ጥረቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

የአየር ንብረት ክርክሩም ቦታው ሊታወቅ ይገባል። ድብልቅ የሚጠቀም መኪና በአንድ ኪሎ ሜትር ከጭስ ማውጫው የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከተራው ቤንዚን እምብዛም አይለይም። ልዩነቱ የሚመጣው ሸንኮራው ሲያድግ ያንን ካርቦን ከአየር መልሶ በመውሰዱ ነው። በዚህ ረገድ የእኛ ኢታኖል ጥሩ መከራከሪያ አለው፤ የሚጠመቀው ስኳር ከተመረተ በኋላ ከሚቀረው ሞላሰስ ስለሆነ የማንንም እህል አይሻማም፣ አዲስ ደንም አያስመነጥርም። ሆኖም አንድ ሊትር ኢታኖል ሲጠመቅ ከ10 እስከ 15 ሊትር የሚሆን ጥቁር፣ አሲድነት ያለውና የሚሸት ፍሳሽ ይወጣል። ይህ ፍሳሽ ተጣርቶ ወደ ማዳበሪያ ወይም ወደ ባዮጋዝ ካልተለወጠ፣ ለአዲስ አበባ ሳንባ ተብሎ የፊንጫና የአዋሽ ዳርቻ ነዋሪ ውሃ ይበከላል። የአንዱን ከተማ ጭስ ወደ ሌላው ወንዝ ማዛወር ጽዳት አይባልም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ነዋሪው በዓይኑ የሚያየው ጥቁር ጭስ ከቤንዚን መኪና የሚወጣ አይደለም። ዳገት ላይ የሚንፏቀቀው የጭነት መኪና፣ ቅጥቅጡና ያረጀው አውቶቡስ የሚነዱት በናፍጣ ነው። አገሪቱ የምታስገባው ናፍጣ ከቤንዚን በብዙ ይበልጣል። ሱሉልታ ላይ የተቀላቀለው ኢታኖል ደግሞ ወደ ናፍጣ ታንክ አይገባም። ስለዚህ ከተማዋ 10 አይደለም 20 በመቶ ብትቀላቅልም፣ የዓመታዊ ምርመራ ወረቀቱን አሟልቶ ቦሎ የለጠፈ ሆኖም ከኋላው ያለውን ሁሉ በጥቁር ደመና የሚሸፍን መኪና እንዳለ ይቀጥላል። የአየር ጥራት የሚያሳስበው ተቋም ሥራውን መጀመር ያለበት ከዚያ ነው።

አንድ ሌላ ጥያቄም አለ፤ በአደባባይ ሲጠየቅ ብዙም አንሰማም። ያለችን ጥቂት ኢታኖል ሳንባን ለማዳን የምትውል ከሆነ፣ የት ብትነድ ነው የበለጠ ሰው የምታድነው? ጋያ የተባለው ማህበር ከ20 ዓመት ገደማ በፊት የፊንጫን ኢታኖል በቀብሪበያህ መጠለያ ለነበሩ የሶማሊያ ስደተኞች የምግብ ማብሰያ ምድጃ አውሎት ነበር። አንድ ሊትር ገደማ ኢታኖል የአንድ ቤተሰብን የዕለት ምግብ ያበስላል፤ እናትና ሕፃን ከማገዶ ጭስ ይገላገላሉ፣ ሴቶች እንጨት ፍለጋ ከመንከራተት ያርፋሉ። ያው አንድ ሊትር በ10 በመቶ ሒሳብ መኪና ውስጥ ሲገባ፣ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ የሚለቀውን ጋዝ በጥቂቱ ይለዋውጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። የቅልቅሉ ሥራ ሲጀመርና ሲሰፋ ኢታኖሉን በአብዛኛው የወሰደው ዴፖው ነው፤ ምድጃው ተራ ጠባቂ ሆነ። ይህ ምርጫ በውጭ ምንዛሪ ሚዛን ሊታገስ ይችል ይሆናል። በጤና ሚዛን ግን አይታገስም፤ ቢያንስ በጤና ስም ሊጌጥ አይገባም።

የመጪዎቹ ዓመታት ሁኔታም ለውሳኔው መነሻ ሊሆን ይገባል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ኤሌክትሪክ መኪናው እየበዛ ሲሄድ በመንገድ ላይ የሚቀረው የቤንዚን መኪና በአዲስ አይተካም፤ በየዓመቱ እያረጀ ይሄዳል። ኮንቨርተሩ ይደክማል፣ ሴንሰሩ ይበላሻል፣ ቱቦው ይሰነጠቃል። ኢታኖል በካርቦን ሞኖኦክሳይድ ላይ ያለው ጥቅም በእነዚህ መኪኖች ላይ ከፍ ሊል ይችላል፤ አሴታልዲሃይዱና ትነቱም እንዲሁ። የቱ እንደሚያመዝን ከቢሮ ወንበር ሆኖ መናገር አይቻልም። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ቤተ ሙከራ በአንድ ሞተር ላይ የሚሠሩ የመመረቂያ ጥናቶች ጥሩ መነሻ ናቸው፤ የከተማን መኪኖች ሁሉ ግን አይወክሉም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ ልኬቱ ከቅልቅሉ መቅደም አለበት።

ስለዚህ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን በቅድሚያ ቋንቋውን ያስተካክል። ቅልቅሉ የሚሠራው ምንዛሪ ለመቆጠብና ሞላሰስ ያለ ዋጋ እንዳይቀር ለማድረግ መሆኑን በግልጽ ይናገር፤ ይህ የሚያሳፍር ምክንያት አይደለም። በእያንዳንዱ ማደያ መቅጃ ላይ የኢታኖሉ መጠን በመቶኛ ይለጠፍ፤ የውሃ ፍተሻም የማደያዎች ግዴታ ይሁን። የዋጋ ተመኑ የጉልበት ልዩነቱን ያገናዝብ፤ ነጂው በሊትር ያጣውን በብር ሊካካስ ይገባል።

የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ደግሞ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ ካርቡሬተር ካላቸው፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ ካላቸው፣ ኮንቨርተራቸው ከሚሠራና ከማይሠራ መኪኖች ናሙና ይምረጥ። ያለ ኢታኖልና ከኢታኖል ጋር፣ በአዲስ አበባ ከፍታና በአዳማ ሙቀት፣ ካርቦን ሞኖኦክሳይዱን፣ ሃይድሮካርቦኑን፣ ናይትሮጂን ኦክሳይዶቹንና አሴታልዲሃይዱን ይለካ። ውጤቱ ጥሩም ሆነ መጥፎ ለሕዝብ ይውጣ። ከጠመቃው የሚወጣውን ፍሳሽ የማያጣራ ማምረቻ ኢታኖሉን ለቅልቅል እንዳያቀርብ ይደረግ።

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴርና የከተማዋ የተሽከርካሪ ተቆጣጣሪዎች ዓመታዊውን ምርመራ የወረቀት ሥርዓት ከመሆን ያውጡት። በመለኪያ ተለክቶ ያላለፈ መኪና፣ በተለይም የናፍጣው፣ ሳይጠገን ቦሎ አይለጠፍለት። ለአሮጌ ቤንዚን መኪና ካርቡሬተር ማስተካከልና ካንዴላ መለወጥ የምርመራው አካል ይሁን፤ 10 በመቶ ኢታኖል ከሚያመጣው ቅነሳ በላይ የሚያመጣ ሥራ ነውና። ስኳር ፋብሪካዎቹን የሚያስተዳድረው አካልም ከሚመረተው ኢታኖል ለምግብ ማብሰያ የሚሆን ቋሚ ድርሻ ይለይ፤ የሚሸጥበትን መንገድም ያመቻች።

እነዚህ ከተሟሉ 10 በመቶው ይቀላቀል፤ ምርቱ ካደገም ይጨምር፤ እኛም እንደግፋለን። ካልተሟሉ ግን ማንኛውም ተቋም በዓመታዊ ሪፖርቱ የኢታኖል ሊትሮችን በአየር ብክለት ቅነሳ ሥር እንዳይጽፍ፣ ሪፖርቱ የሚቀርብለት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የልኬት ሰነድ ሳያይ እንዳይቀበል እንጠይቃለን።